ነብርን ማን ይጠይቀዋል?

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ተራዬ በአብዛኛው ሌሊት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በአንደኛው ክፍል የሰማሁት ንግግር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ጀምሬ ትቼዋለሁ። ያስቸገረኝ ነገሩ ስለ አንድ የሞተ ፖለቲከኛ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ እኔ ራሴ ሰው የምመዝንበትን ሚዛን ነክቶብኛል።

በክፍሉ የሚኖሩት አላባማ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ቃሉን ወደውታል። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከራስጌያቸው አይለይም። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ ፖለቲከኛ ያወራ ነበር። ሰውየው ስለ ጥቁሮች የተናገረው ነገር ተቀርጾ ወጥቷል። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው «ዘረኛ ነው»፣ «እኔ ለዓመታት አውቀዋለሁ፣ ልቡ ንጹሕ ነው» እየተባባሉ ይከራከራሉ። መድኃኒታቸውን እያዘጋጀሁ ነበር። «ይህ ምኑ ያከራክራል? ከአፉ ሰምተነው የለም እንዴ?» አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

እማማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «እኔ በ1982 ድምፄን ለጆርጅ ዋላስ ሰጥቻለሁ» አሉኝ።

ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዋላስ ማለት በጃንዋሪ 1963 በሞንትጎመሪ የአላባማ አገረ ገዥ ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም «መለያየት ዛሬ፣ መለያየት ነገ፣ መለያየት ለዘላለም» ብሎ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለይተው እንዲኖሩ ያወጀው ሰው ነው። በዚያው ዓመት ጁን ወር ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ የተባሉ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች በአላባማ ዩኒቨርሲቲ እንዳይመዘገቡ በር ላይ የተገተረውም እሱ ነው። በማርች 1965 በአላባማዋ ሰልማ ከተማ ድልድይ ላይ ለጥቁሮች የምርጫ መብት የወጡ ሰላማዊ ሰልፈኞችን በዱላና በአስለቃሽ ጭስ የበተኑት የክፍለ ግዛቱ ፖሊሶች የሚታዘዙት ለእሱ ነበር። በእነዚያ ዓመታት እማማ የሰው ቤት እያጸዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወጣት እናት ነበሩ። የመራጭነት ካርድ የያዙት ከ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ በኋላ ነው። እና እኚህ ሴት በዚያ ካርድ ዋላስን መረጡ።

የኤርምያስ ጥያቄ

የመጀመሪያው ስሜቴ ቁጣ ነበር፤ መደበቅም አልቻልኩም። «እማማ፣ ለምን? ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጣል እንዴ?» አልኳቸው። ጥቅሱ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ፈገግ አሉ። «ከመካከሉ ጀመርሽው» አሉኝ። መጽሐፋቸውን አንስተው ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 ቁጥር 23ን አወጡ። በእኛ ቋንቋ «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» የሚለው ነው። ከነብሩ የሚቀድመው ኢትዮጵያዊው ነው። በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ከአፌ ሲወጣ ግን የራሴን ግማሽ ትቼ ነብሩን ብቻ ነበር ያነሣሁት።

ቀጥለው የነገሩኝን እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ። «የኔና ያንቺ ነገር ቆዳ ነው። መለወጥ አልችልም፤ መለወጥም ፈልጌ አላውቅም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስለዚህ ቆዳ ተጠይቄበታለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ድምፅ ልሰጥ ብዬ የተሰለፍኩበት ቦታ። ዋላስ ያደረገው ነገር ግን ቆዳው አልነበረም። በየማለዳው ሲነሣ ሊተወው ይችል ነበር። አንቺ ነብር ነው ስትይው የምትሰድቢው መስሎሻል። ነፃ ነው የምታወጪው። ነብርን ማን ይጠይቀዋል? ለምን ነከስክ ብሎ ነብርን የሚከስ አለ?»

ከዚያ ጣታቸውን የጥቅሱ መጨረሻ ላይ አሳረፉ፤ «ክፋትን የለመዳችሁ እናንተ» የሚለው ላይ። «ለመዳችሁ ነው የሚለው» አሉ። «ከዚያ ጋር ተወለዳችሁ አይልም።»

ነቢዩ ጥያቄውን ያነሣው ለተስፋ አይደለም፤ ክፉ ልማድ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ሊናገር ነው። ይህን እማማም ያውቃሉ። ያሉኝ ነገር ግን የዚያን ምሽት ክርክር ከሥሩ ነቅሎብኛል። ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት አራቱም ሰዎች፣ ከሳሾቹም ጠበቆቹም፣ ዘረኝነት ልብ ውስጥ የተቀመጠ የተፈጥሮ ነገር እንደሆነ ተስማምተው ነበር የሚከራከሩት። እንዲህ ከሆነ ጠበቃው ሁልጊዜ ያሸንፋል። የሰውን ልብ ከፍቶ ያየ ማን አለ? «ልቡ ንጹሕ ነው» ለሚል ሰው ምን ማስረጃ ይቀርብለታል? የሠራው ሥራ ግን መዝገብ አለው፤ ቀንና ፊርማ አለው።

የዋላስን መዝገብ ያገላበጥኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያገኘሁትም ይበልጥ አስደነገጠኝ። በ1950ዎቹ ዋላስ ዳኛ ነበር። የሰልማው ጥቁር ጠበቃ ጄ. ኤል. ቼስትነት በችሎት «ሚስተር» ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ዳኛ ዋላስ እንደነበረ መስክሯል፤ ያኔ ጥቁር ጠበቃ በዚያ አገር ፍርድ ቤት በስሙ ብቻ ነበር የሚጠራው። በ1958 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር የጥቁሮች መብት ማኅበር ደግፎት ነበር፤ ያሸነፈው ግን ኩ ክላክስ ክላን በተባለው የነጭ የበላይነት ቡድን የተደገፈው ጆን ፓተርሰን ነው። ከዚያ ሽንፈት በኋላ ዋላስ በመለያየት ጉዳይ ማንም እንዳይበልጠው ወሰነ። ስለዚህ የ1963ቱ ጩኸት ከጥላቻ የፈለቀ ላይሆን ይችላል፤ ድምፅ የሚገኝበትን ያሰላ ሰው ሥራ ነው።

ይህ ያቀልለታል? ለእኔ ያከብድበታል። የሚጠላ ሰው ቢያንስ ያመነበትን ያደርጋል። አክብሮት ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ጥቁሩን ጠበቃ «ሚስተር» ማለት የሚችል ሰው፣ እያወቀ ለሥልጣን ሲል የሌላውን ሕይወት መሬት ላይ ሲያነጥፍ ግን ምን ስም ይሰጠዋል? በልብ የሚፈርድ ሰው «በውስጡ ዘረኛ አልነበረም» ብሎ ሊያሰናብተው ነው።

አፈ ቅቤና አፈ ጩቤ

ቋንቋችን «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የሚል ስም አለው። የተገላቢጦሹን ሰው ግን፣ አፉ ጩቤ ሆኖ እጁ የሚያቃናውን፣ ምን እንደምንለው አላውቅም። ምናልባት ስም ስላጣንለት ይሆናል ስናየው የምንደናገረው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ውድሮው ዊልሰንን የሚያህል አላገኘሁም። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ጨዋ ሰው ነው። በ1912 የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ምርጫ ለጥቁሮች ፍትሐዊ እሆናለሁ ብሎ ቃል ስለገባ አንዳንድ ታዋቂ ጥቁር መሪዎች ደግፈውታል። ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1913፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን በሥራ ቦታ፣ በመመገቢያና በመጸዳጃ ቤት መለየት ተጀመረ። በኖቬምበር 1914 የቦስተኑ ጋዜጠኛ ዊልያም ሞንሮ ትሮተር ልዑካን መርቶ ዋይት ሐውስ ገባና የተገባው ቃል የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ዊልሰን መለያየቱ ውርደት ሳይሆን ለጥቁሮቹ ራሳቸው ጥቅም እንደሆነ ነገረው። ትሮተር አልቀበልም ብሎ ሲከራከረው ፕሬዚዳንቱን ያስቆጣው የአነጋገሩ ቃና ነበር። ሰው ከጠረጴዛው ተነሥቶ መጋረጃ ጀርባ ሲደረግ ያልተረበሸ ጨዋነት፣ በአንድ ጥቁር ሰው ድምፅ ከፍታ ተረበሸ።

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሃሪ ትሩማን ደግሞ ሌላው ነው። አያቶቹ ባሪያ ያሳደሩ ነበሩ፤ በወጣትነቱ ለኋላ ሚስቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ጥቁሮችንም ቻይናውያንንም የሚሰድቡ ቃላት አሉ። አንድ ሰው ዛሬ ያንን ደብዳቤ ብቻ ፎቶ አንሥቶ ቢያሰራጭ ማንኛችንም ሌላ ነገር አንጠይቅም ነበር። እኚሁ ሰው በ1946 የአይዛክ ውዳርድን ታሪክ ሰሙ። ውዳርድ ከጦርነት የተመለሰ ጥቁር ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከሠራዊቱ በተሰናበተ በሰዓታት ውስጥ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ በሳውዝ ካሮላይና ፖሊስ ደብድቦ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋው። ትሩማን በዚያው ዓመት መጨረሻ የሲቪል መብት ኮሚቴ አቋቋመ። በጁላይ 1948 በፓርቲው ጉባኤ የደቡብ ልዑካን በሲቪል መብት ጉዳይ ተቆጥተው አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ ምርጫው አራት ወር ብቻ ነበር የቀረው። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ትሩማን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የእኩልነት አያያዝን ያዘዘውን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቁጥር 9981 ፈረመ። አኩራፊዎቹ ያቆሙት ዕጩ ስትሮም ተርመንድ አራት ክፍለ ግዛቶችን ወሰደበት፤ አላባማ አንዷ ናት።

እዚህ ላይ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ የማልወደው ሰው ክፉ ቃል ሲያመልጠው «ይኸው፣ ልቡ ወጣ» እላለሁ። የምወደው ሰው ያው ቃል ሲያመልጠው «ሊል የፈለገው ይህን አይደለም» እላለሁ። ለአንዱ አፉን መስኮት አደርገዋለሁ፤ ለሌላው መጋረጃ። ይህን ስንት ዓመት እንዳደረግሁት ሳስብ አፈርኩ። በእንዲህ ያለ ሚዛን ሰው ይዳኛል ብዬ ነበር እማማ ፊት የተቆጣሁት።

ቃል ምንም አይደለም እያልኩ ግን አይደለም። ትሩማን ለእጮኛው የጻፈው ነውር ነው፤ ያነበበችው አንዲት ሴት ናት። ዋላስ በሞንትጎመሪ ደረጃ ላይ የጮኸው ግን ከቃልነት አልፎ ድርጊት ነበር። ሥልጣን ያለው ሰው በአደባባይ ሲናገር ለሚሰማው ሁሉ ፈቃድ ይሰጣል። በሴፕቴምበር 1963 በበርሚንግሃም 16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ አራት ልጃገረዶች ሞቱ፤ ሦስቱ 14 ዓመታቸው፣ አንዷ 11። ቦምቡን ያጠመዱት የክላን ሰዎች ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ግን ለዋላስ በላከው ቴሌግራም የሕፃናቱ ደም በእጅህ ነው ብሎታል። ይህን እንደ ማጋነን የሚያየው ሰው ካለ፣ የመሪ ንግግር ከየትኛው ደጅ ደርሶ እንደሚቆም አስቦ አያውቅም ማለት ነው።

በሥራ መዳኘትም ቢሆን ሰውን አንድ ወጥ አድርጎ አያቀርብልንም። ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን የኬንታኪ ባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ባርነትን የሻረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተቃውሞ ነበር። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለያየትን ሕጋዊ ሲያደርግ ግን ብቻውን ተነጥሎ «ሕገ መንግሥታችን ቀለም አያይም» ብሎ የጻፈው እሱ ነው። በዚያው ጽሑፍ፣ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ቻይናውያን ከእኛ እጅግ የተለዩ ስለሆኑ ዜጋ እንዲሆኑ አንፈቅድም የሚል ሐሳብ አለ። አንድ ብዕር፣ አንድ ቀን። ሃርላንን ጀግና ብሎ መዝጋት አልቻልኩም፤ ወራዳ ብሎ መዝጋትም አልቻልኩም። ለጥቁሮች ያደረገውን ለጥቁሮች፣ ለቻይናውያን ያደረገውን ለቻይናውያን መመዝገብ ነው የቻልኩት።

ድምፅና ይቅርታ

ወደ እማማ ልመለስ፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ካነበብኩ በኋላም ያልተዋጠልኝ ነገር ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው አነሣሁባቸው። ዋላስ በ1972 በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በተሽከርካሪ ወንበር እየሄደ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር። «እማማ፣ የተለወጠው እናንተ ድምፅ ስላገኛችሁ አይደለም? በ1963 የሚመርጡት በአብዛኛው ነጮቹ ስለነበሩ ለነጮቹ ጮኸ። በ1982 እናንተም ስትመርጡ ወደ እናንተ መጣ። ያው ስሌት ነው» አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «እኛስ በዚያ ድልድይ ላይ የሄድነው ለምን ይመስልሻል? እንዲያሰላን ነው።»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ያኔ ያመዛዘኑትን ነገሩኝ። የዋላስ ተፎካካሪ የሞንትጎመሪ ከንቲባ የነበረው ኤሞሪ ፎልማር ነበር። እሳቸው የሁለቱንም መዝገብ ያውቁ ነበር፤ ከሁለቱ ማን ይሻለናል ብለው ነው የመረጡት። ሸርሊ ቺሾምንም አነሡ። የመጀመሪያዋ ጥቁር የምክር ቤት አባል ሴት ናት፤ በ1972 ከዋላስ ጋር ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ትወዳደር ነበር። በጥይት ሲመታ ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀችው፤ የገዛ ደጋፊዎቿ ተቆጧት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል የቤት ሠራተኞችን እንዲጨምር ስትታገል የደቡብ ተወካዮችን ድምፅ በማግኘት ዋላስ ረድቷታል። «ያ ደመወዝ የኔ ነበር» አሉኝ እማማ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ዋላስ በመጨረሻው የሥልጣን ዘመኑ ከዚያ በፊት ባልታየ ቁጥር ጥቁሮችን ለመንግሥት ሥራ ሾመ። ይህን ሁሉ እሳቸው ሲነግሩኝ የቤት ወጪ እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ ነበር።

«ስለዚህ ይቅር ብለውታል» አልኩ።

«እኔ መረጥኩት ነው ያልኩሽ። ይቅር አልኩት አላልኩም።»

ያ ነው ዓመት ሙሉ ያልለቀቀኝ። ሁለቱን ነገሮች እኔ አንድ አድርጌ ነበር የማስባቸው። የተለወጠን ሰው የተለወጠ ነው ማለት ያለፈውን መፋቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያለፈውን ማስታወስ ደግሞ ለውጡን መካድ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እማማ አልረሱም፤ ግን ትዝታቸው ዓይናቸውን አልጋረደባቸውም። ጆን ሉዊስ በሰልማ ድልድይ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ የተረፈ ሰው ነው፤ ዋላስ በ1998 ሲሞት ይቅር ማለቱን በጋዜጣ ጻፈ። ይህን የማለት መብት ነበረው፤ ቁስሉ የእሱ ነበርና። ቪቪያን ማሎን በ1996 በዋላስ ቤተሰብ ስም የተቋቋመ የጀግንነት ሽልማት ከዚያ በር ላይ ከቆመባት ሰው ፊት ተቀብላለች። ይህም የእሷ ነበር። የበርሚንግሃሞቹን አራት ልጆች ግን የሚጠይቃቸው የለም። እኔ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ያልነበርኩ፣ በነሱ ስም ይቅርታ የምሰጠውም የምነፍገውም ከየት አምጥቼ ነው? የኔ ድርሻ መዝገቡን ሳላጎድል ማንበብ ነው፤ እሱ ራሱ ከባድ ሥራ እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ።

ባለፈው ወር ቴሌቪዥኑ እኔ የምወደውን አንድ ፖለቲከኛ አሳየ። ስለ ቀለም እኩልነት ግሩም ንግግር አደረገ፤ እንባዬ መጣ። እማማ እስኪጨርስ ጠበቁና «ይህ ሰው ምን ፈርሟል? ማንን ሾሟል? ነገሩ ድምፅ በሚያሳጣው ጊዜስ የት ነበር?» አሉኝ። ሰውየውን ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትየዋለሁ፤ ከሦስቱ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። በዕረፍት ሰዓቴ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ የሰጣቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ስፈልግ አደርኩ።

ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ነቅተው ይጠብቁኝ ነበር። «እሺ?» አሉኝ። የፈረመውን ነገርኳቸው። ከዚያ ወንበር ሳብኩና ያልፈረመውንም ነገርኳቸው።